ድንጋዩን ቁረጠው

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ታላቅ እህቴ ናት። ረጅም ቡናማ ካፖርት ለብሳ ፎንታና ዲ ትሬቪ ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ነጭ ድንጋይና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውኃ ይታያል። ሁለት እጇን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከታ ፈገግ ብላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ ቡናውን እየቀዳች በአገጯ ወደ ፎቶው ትጠቁምና «ልጄ ሮም ናት» ትላለች። እኔ ልጅ ሆኜ እህቴ እዚያው ውኃው አጠገብ የምትኖር ይመስለኝ ነበር።

የሄደችው በ1997 ነው። የአክሱም ሐውልት ከሮም የተመለሰበት ዓመት። ነፍሱን ይማርና አባቴ በዚህ ነገር አንድ ቀልድ ነበረችው። «ጣልያን ድንጋያችንን መልሶ ልጃችንን ወሰደ» ይላል። ሰዉ ይስቃል። እማዬ ግን አንድም ቀን ስትስቅ አላየሁም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይሄን ተረት ያወጣው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ፎቶ አልነበረውም። እኔ ሮምን ሳላያት አሥራ ስምንት ዓመት ናፍቄአታለሁ። በ2015 ኅዳር ላይ የዘጠና ቀን ቪዛ ሲመታልኝ መጀመሪያ ያጸዳሁት ሻንጣዬን ሳይሆን ሌንሴን ነው።

እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው። የሠርግ ፎቶ ማለት ደግሞ ግማሹ ማንሳት፣ ግማሹ መቁረጥ ነው። ከሙሽራዋ ጀርባ ስንቱን የመብራት ገመድ፣ ስንቱን ሮቶ፣ ስንቱን ቆርቆሮ አጥፍቻለሁ። ደንበኛ የሚከፍለው ላነሳሁት ብቻ አይደለም፤ ላጠፋሁትም ነው። ሮም የሄድኩት በዚህ ዓይን ነው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም የዚያ ዓይን ሥራ ነው።

አራት ሺህ ፎቶ

ያረፍኩት ፒኜቶ በሚባል የሮም ሠፈር፣ አንድ የአገር ቤት ሠፈራችን ልጅ ቤት፣ ሶፋ ላይ ነበር። እህቴ፣ እቴቴ፣ ባዳንቴ ናት። አንዲት አሮጊት ሲኞራ ትንከባከባለች፤ አዳሯም እዚያው ነው። ነፃ የምትሆነው እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን ከተማዋ የኔና የካሜራዬ ነበረች።

ገና ሳይነጋ ትሬቪ ደረስኩ። ባዶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ሙሽሮች ቀድመውኛል። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ብርድ ትከሻቸው ተራቁቷል። እያንዳንዷ የራሷ ፎቶ አንሺ አላት። አንደኛው አንሺ ቬሎ የሚይዝለት ረዳቱ ላይ ሲጮህ ሳየው ሳቄ መጣ። ቋንቋው አልገባኝም፣ ግን ምን እንዳለ በደንብ ገብቶኛል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምንና ራሳችንን ነቀነቅን። የሙያ ሰላምታ።

እህቴ የቆመችበትን ቦታም ፈልጌ አገኘሁት። በግራ በኩል፣ ከደረጃው ጫፍ። እዚያ ላይ ቆሜ የራሴን ፎቶ አነሳሁ። ለእማዬ ላክሁላት። «ካፖርት የለህም እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያነሳውን ሁሉ አነሳሁ። ኮሎሴዎን ከኮሌ ኦፒዮ ከፍታ ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ቅስቶቹን አንድ በአንድ ስታበራቸው። ፓንቴዎን ውስጥ ዝናብ በጣራው ክብ ቀዳዳ ገብቶ እብነ በረዱ ላይ ሲወርድ። አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ደግሞ የማልታ ባላባቶች በር የሚባል አለ። በቁልፉ ቀዳዳ ስታይ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከአንድ ረጅም የአትክልት መተላለፊያ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ለዚህች ቀዳዳ አርባ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ትልቁ ሌንሴ አልመጥን አለ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ በስልኳ በአንድ ጊዜ አነሳችው። የኔ ጠርዙ ደብዝዞ፣ ጉልላቱ እንደ ሽንኩርት ሆኖ ወጣ።

ውኃ ስትጠማ መንገድ ዳር ካሉት ትንንሽ የብረት ቧንቧዎች መጠጣት ነው። አፉን በጣትህ ስትደፍነው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፍህ ይወነጨፋል። ይሄን ያስተማረችኝ እቴቴ ናት። መጀመሪያ ቀን ፊቴን አጥቤ፣ ጃኬቴን አጥቤ፣ የሰው ሴትዮም ረጭቻለሁ።

የቲቶ ቅስት ሥር አንድ ጠዋት ሙሉ ቆየሁ። ውስጡ ላይ የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጿል። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ቅርጹ ከድንጋዩ ብድግ ይላል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ምን መሰላችሁ? «የጎን ብርሃን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ድንቅ።» በቃ። ስለ ዘረፋው አንዲት ቃል የለችም።

እርግጥ አንድ ቦታ በታሪክ ስሜት ሄጃለሁ። ፖርታ ካፔና። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ጀምሮ የቆመበት አደባባይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ለፊት። ሕንፃው ሲጀመር ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ባዶ ቦታ አገኛለሁ ብዬ፣ የሐዘን ፎቶ ላነሳ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ባዶ አይደለም። ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተተከሉ፣ አሜሪካ ላይ በደረሰው የመስከረም 11ዱ ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ። ግራ ተጋብቼ ትንሽ ቆምኩ። 24 ሜትር ድንጋይ የነበረበትን ሰማይ አነሳሁ። ከዚያ የአገሬን ድርሻ የተወጣሁ መስሎኝ ፒዛ በላሁ።

ወፎቹ

ሮም በክረምቷ ስቶርኒ የሚባሉ ጥቋቁር ትንንሽ ወፎች ይወርሯታል። ቀን ገጠር ሲለቅሙ ይውሉና ሲመሽ የከተማዋን ሙቀት ፈልገው ይገባሉ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያሉት ዛፎች ዋና መኝታቸው ናቸው። ከመተኛታቸው በፊት ግን ሰማዩ ላይ የሚያደርጉትን ነገር በቃል መግለጽ ይቸግረኛል። አንድ ትልቅ ጥቁር ነጠላ ሰው የሚያራግፈው ይመስላል። ይሰበሰባል፣ ይሳሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ድንገት ይገለበጣል።

ከታች ያለው ሰው ሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ዝናብ ሳይኖር ሁሉም ጃንጥላ ይዘረጋል። ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ምሽት ትከሻዬ ላይ ተማርኩ። አስፋልቱ በኩሳቸው ስለሚያዳልጥ ሞተር ሳይክል የያዙት ቀስ ብለው ነው የሚያልፉት። አንዳንድ ማታ ደግሞ ነጭ ቱታ የለበሱ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በድምፅ ማጉያ የተጨነቀ ወፍ ጩኸት እያሰሙ ሊያባርሯቸው ይሞክራሉ። ወፎቹ ይነሳሉ፣ አንድ ዛፍ ተሻግረው ያርፋሉ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ በየማታው ሄድኩ። ከፒኜቶ በ5 ወይም በ14 ቁጥር ትራም ተርሚኒ እወርዳለሁ። ከጣቢያው ወደ ሪፑብሊካ አደባባይ በሚወስደው መንገድ አንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለች። አጥሯን ደግፌ ሳንድዊቼን እበላለሁ። ሰማዩ ወደ ብርቱካንማ ሲቀየር እነሳለሁ። አይኤስኦ 3200፣ ሻተሩን ዘግየት፣ ትንፋሽ ዋጥ።

አንድ ማታ ቀናኝ። መንጋው እንደ ዓሣ ሆኖ ተጠምዝዞ፣ ከሥሩ ያለው ሰማይ ፍም መስሎ። ሕይወቴን ሙሉ ካነሳሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ፎቶው ግን አንድ እንከን ነበረው። ከታች በቀኝ በኩል የሆነ ሹል ድንጋይ ብቅ ብሎ የመንጋውን ጅራት ወግቶታል። ትራሙ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ቆረጥኩት። ኢንስታግራም ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲወጣ አማረ። ከዚያ በፊት አንድም ፎቶዬ ያን ያህል ሰው አልወደደልኝም።

ሐሙስ ከሰዓት

በሚቀጥለው ሐሙስ ከእቴቴ ጋር እዚያችው የአትክልት ቦታ ተቀጣጠርን። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። «ድንጋዩ ጋ ጠብቀኝ» አለችኝ። ቦታው የተመለከተበት ካርታ ላኪልኝ አልኳት፤ ላከችልኝ፤ የማውቀው ቦታ ሆነ። ድንጋይ ያለችው የመቀመጫውን ድንጋይ መስሎኝ ዝም አልኩ።

መጣች። ሦስት ጓደኞቿም ነበሩ። ሁሉም በየሰው ቤት አሮጊትና ሽማግሌ የሚጠብቁ ናቸው፤ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አንደኛዋ ከአስመራ። አስመሬዋ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እዚያ አገር ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በፌስታል ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ይዘዋል። አጥሩ ላይ ቦርሳቸውን ሰቀሉ፣ የሳምንቱን ወሬ ጀመሩ። የማን ሲኞራ ወደቀች፣ የማን ቀጣሪ ደመወዝ አዘገየ።

«እስቲ ያቺን ፎቶህን አሳያቸው» አለች እቴቴ ኮራ ብላ። ስልኬን አቀበልኩ። እያንዳንዷ እያየች «ጉድ ነው!» አለች። ዞሮ እቴቴ ጋ ደረሰ። አስጠጋችው፤ ራቅ አደረገችው። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ እንደገና ስልኩን።

«ድንጋዩን የት አደረስከው?»

«የቱን ድንጋይ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እቴቴ ጀርባዬን በእጇ ጠቆመች። ከኋላዬ ነበር። ስድስት ሳምንት ሳንድዊች የበላሁበት አጥር የእሱ አጥር ነው።

«የዶጋሊው ነዋ» አሉ አስመሬዋ። ድምፃቸው የቤት ቁጥር የሚነግሩ ነው የሚመስለው። «እዚህ ጋ አይደል ዘርዓይ የተዋጋው። አንበሳው ከሥሩ ነበር።»

እኔ አጼ ቴዎድሮስ እንዴት እንደሞቱ በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት መድረክ ላይ ተውኜአለሁ። ጣልያኖች ከአዲስ አበባ ወስደው ሮም ባቆሙት የይሁዳ አንበሳ ፊት በጎራዴ የተዋጋውን የዘርዓይ ደረስን ታሪክ አባቴ ስንቴ ነግሮኛል። ራስ አሉላ ጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ጣልያኖችን ያደረጉትን ማን ያጣዋል? ዘርዓይ የተዋጋው ሮም ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ተርሚኒ አጠገብ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ያ ቦታ ሰፊ አደባባይ ነው። ወታደር የተሰለፈበት፣ ጥቁርና ነጭ። ሳንድዊች የሚበላበት አይደለም።

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እቴቴ ገብቷታል። «አይዞህ ማሙሽ» አለች፣ «እኔም ስመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ እያስቀመጥኩበት አላውቅም ነበር።» ሻይ ቀዳችልኝ።

የተቆረጠው ቁራጭ

ያን ማታ ሶፋው ላይ ሆኜ ዋናውን ፋይል በላፕቶፔ ከፈትኩ። የተቆረጠውን ጥግ አጎላሁት። ጫፉ ጥቁር ሆኗል፣ ግን መንገድ ላይ ያለው መብራት አንዱን ጎኑን ስለነካው ቅርጾቹ ይታያሉ። ወፍ አለ። እውነተኛዎቹ ወፎች ከበላይ ይዞራሉ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ የግብፅ ጸሐፊ የቀረጸው ወፍ ቆሟል። የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው፤ ከሄልዮፖሊስ የመጣ። እ.ኤ.አ. በ1883 ሮም ውስጥ ከመሬት ሥር ተገኘ። ምን እናድርገው ሲሉ ዶጋሊ ደረሰላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 እዚያ ለሞቱት ወታደሮቻቸው መታሰቢያ አድርገው ጣቢያው ፊት አቆሙት። በኋላ ነው ወደዚች ጥግ የተገፋው። ከአንዱ አፍሪካዊ በወሰዱት ድንጋይ፣ የሌላውን አፍሪካዊ አገር ሊይዙ ሄደው የሞቱባቸውን አለቀሱ። የተርሚኒ አደባባይ ራሱ «የአምስት መቶዎቹ» ነው የሚባለው። በየቀኑ አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ። የአሉላን ሥራ በቁጥር ጽፈው ሰቅለውልኛል፣ እኔ የማየው ግን የ64 ቁጥር አውቶቡስን ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን አውቄ ላነሳው። ካፍያ ነበር። ከድንጋዩ ሥር አንድ ሰው ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል፤ ጫማውን ከራሱ ሥር አድርጓል። ባዶ የቢራ ጠርሙስ፣ እርግቦች፣ አንድ እግር ካልሲ። የሞቱት ስም በነሐስ ሰሌዳ ተጽፏል። በጣቴ እየተከተልኩ ጥቂቱን አነበብኩ። ከሰሌዳው ቀዝቃዛ ውኃ ይወርዳል። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ለምን እንዳሰብኩት ራሴን ታዘብኩት።

መቶ ሃያ ፎቶ አነሳሁ። ከሥር ወደ ላይ፣ ከሩቅ፣ በቅርንጫፍ መካከል። አንዱም ፎቶ አይደለም። አንድ ድንጋይ ነው። የማላየውን አንበሳ እንዴት ላንሳው? ዘርዓይ ከተዋጋበት ከ1930 ሰኔ የቀረ ነገር የለም። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ቁጭ ብሏል፤ በታክሲ ስንቴ በአጠገቡ አልፌአለሁ። እሱንም አንስቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከአንድ ሙሽራ ጀርባ አደብዝዤዋለሁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እዚያ ቆሜ ይሄ ተረት ተምታታብኝ። ዶጋሊ ላይ የወጋነው እኛ ነን። የተወጉት ድንጋይ አቆሙ፣ ስም ጻፉ፣ አደባባይ ሰየሙ። ከዚያ እነሱም ረሱት። ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚያልፉት ሮማውያን ቀና ብለው አያዩትም። አንዱን ቡና የሚሸጥ ልጅ «ይሄ የምን ሐውልት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አየት አደረገውና «የግብፅ» አለኝ። አልዋሸም። የሚያስታውሱት ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት ያላቸው አራት ሴቶች ናቸው። እነሱም ቀጠሮ እንዳይሳሳቱ ነው።

ከፍሬም ውጭ የቀረ ነገር እንዲህ ሲያሳድደኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሮቶ ስቆርጥ ሮቶው የሰው ቤት ውኃ እንደሆነ አስቤ አላውቅም።

የመጨረሻው ሐሙስ

ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ሴቶቹን ድንጋዩ ጋ ላንሳቸው አልኩ። ሁለቱ ተሳቀቁ፤ በሥራ ልብስ ነው የመጣነው አሉ። አስመሬዋ ነጠላቸውን አስተካክለው መሃል ተቀመጡ። እቴቴ ዳር ላይ ሆነች። ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። ሙሉውን አስገባሁት፤ ከእግራቸው እስከ ድንጋዩ ጫፍ፣ ፔርሙዙንም፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ቦርሳም። በዚያ ፎቶ ኮርቻለሁ።

እቴቴ ለማየት ስትጠጋ ፎቶው ላይ እጇን አየሁት። ሁለቱን እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣለች።

«እቴቴ፣ ለምንድን ነው ፎቶ ላይ እጅሽን የምትደብቂው? የእማዬም ፎቶ ላይ እንዲሁ ነው።»

ሳቀች። «ያኔማ በበረኪና ተላልጦ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ የቢሮ ጽዳት ነው እኮ። ካፖርቱም የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«አብራኝ የምትኖር ልጅ ነበረች። በየተራ ለብሰን ነው የተነሳነው። አራት ነበርን። አንዱ ካፖርት አራት አገር ቤት ተሰቅሏል።» ይሄን ስትል ሌሎቹም ሳቁ። አንዷ የሷ ቀይ እንደነበር ተናገረች።

ከዚያ ፎቶውን ደግማ አየችው። «ያምራል። ለእማዬ የምትልከው ድንጋዩን ቁረጠውና ነው። ይሄ ሁሉ አጥርና ዛፍ... ሜዳ ላይ የተቀመጥን ነው የምንመስለው። ትጨነቃለች።»

ልከራከራት አፌን ከፈትኩ። ስለ ዘርዓይ፣ ስለ አሉላ፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት። አሥራ ስምንት ዓመት ለእናቷ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ስትመርጥ ለኖረች ሴት ስለ ፍሬም ላስተምር ነው? አፌን ዘጋሁ።

ትራሙ ውስጥ ቆረጥኩት። ከትከሻቸው በላይ ትንሽ ሰማይ ተውኩ፤ ፔርሙዙን አጠፋሁ፤ ቦርሳዎቹን አጠፋሁ። አራት የሚስቁ ሴቶች ቀሩ። ላክሁት።

ፒኜቶ ሳልደርስ እማዬ ደወለች። ፎቶውን አጉልታ አይታዋለች። እንዴት እንዳመሩ፣ መሃል ያሉት እናት ማን እንደሆኑ፣ እቴቴ ለምን እንደከሳች ጠየቀችኝ። ከዚያ ዝም አለች። መነጽሯን ስታስተካክል ይሰማኛል።

«ከእህትህ ጀርባ ያለችው ምንድን ናት? ጥቁር ነገር፣ ጽሑፍ ያለባት።»

የነሐሱ ሰሌዳ ጥግ ነበረች። አምልጣኛለች።

«አጥር ነው» አልኳት።